እግርሽ አይደለም፣ ወኔሽ ነው

የሰው አፍንጫ ክፉ ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ አንዱ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፣ አፍንጫዬ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ያልጠራሁትን ይዞብኝ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ሯጮቹን ሳይ አንዲት ልጅ በአጠገቤ አለፈች። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ጠባብ ሱሪ፣ ብርቱካንማ ጫማ፣ ጆሮዋ ውስጥ ያቺ ገመድ የሌላት ማዳመጫ። ጉድ የሠራኝ ከኋላዋ የቀረው ሽታ ነው፤ ያቺ ጡንቻ ላይ የምትታሽ፣ የምታቃጥል ቅባት። ከልምምድ በኋላ ቢሆን ምንም አልነበረ። ገና ሳይሮጥ፣ ገና ሳያሟሙቅ፣ ከቤቱ ተቀብቶ የሚወጣ ሯጭ ግን የሚደብቀው ሕመም አለው። ይህን የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት አሰልጣኝ ሆኜ ስለኖርኩና በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንዲት ልጅ በእጄ ስላጠፋሁ ነው።

ቀና ብዬ ወደ ካዛንቺስ አየሁ። አየሁ ማለቴ፣ የነበረበትን አየሁ። ሰፈራችን ፈርሶ እኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅያለሁ፤ ለጉልበቴ የተመረጠ ቦታ! ልጆቼ "አባዬ፣ አየሩ እኮ ጥሩ ነው" ይሉኛል። አየር ምን ያደርግልኛል? አየር ያጫውታል? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ሁለት ታክሲ ይዤ እዚህ ደረጃ ላይ እመጣለሁ። ድሮ ከካዛንቺስ እዚህ ድረስ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ እሷንም ረዳቱ ሲያውቀኝ "ይተዉት ጋሼ" ይለኝ ነበር። አሁን ረዳቱ ዋጋውን ሲነግረኝ አንዱ ጆሮዬ መድከሙ በጀኝ እላለሁ።

ክለባችን የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ክለብ ነበር፤ ስሙ ይቅር። አደባባዩ የጥንት ስሙ ከተመለሰለት ጥቂት ዓመት ያለፈው ይመስለኛል። ዓመተ ምሕረት ካላችሁኝ እሳሳታለሁ፤ ዋጋ ጠይቁኝ። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃያ አምስት። ክለቡ ማለት ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧ ነው። ፊት ለፊቱ የእማማ ዘነቡ ሻይ ቤት ነበር፤ ልጆቹ ከልምምድ ሲመለሱ ላባቸው ሳይደርቅ አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። እማማም "እነዚህ ልጆች ምን በደሉህ አንተ ሰውዬ?" እያሉ ሻዩን በስኳር ይሞሉላቸዋል። ቱታችን አረንጓዴ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ያደረ ጎመን ይመስል ነበር። ጫማ ለሁሉም አይደርስም፤ እግሩ የገባለት ይወስዳል፣ የቀረው ከሰልባጅ ተራ ፈልጎ ይገዛል፤ አንዱ ከሌላው ግማሽ ቁጥር የሚበልጥ ጥንድ አድርጎ የሮጠ ልጅ ነበረኝ። ጥጉ ላይ ካሴት ቤት ነበር፤ ስፒከሩን በር ላይ ሰቅሎ ሙሉ ቀን ትዝታ ያስለቅሳል። እኛ ደግሞ በሩ ላይ ቆመን "ወንድሜ፣ ገና ምኑን አይተህ ነው?" እያልን ዘፋኙን እንተርበው ነበር። አሁን ያ ጥግ ላይ መብራትና ሣር ተተክሎበታል። አያምርም አልልም፤ ያምራል። እኔ ግን ሳልፍ ቤቶቹን በየቦታቸው እያስቀመጥኩ ነው የማልፈው።

የዛሬ ልጆች "ሜንታል" ይሉታል። "ኮች፣ ሜንታሏ ስትሮንግ ነው" ምናምን። እኛ ወኔ ነበር የምንለው። ወኔ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ እኔ የተማርኩት ሯጭ በነበርኩ ጊዜ ካሠለጠኑኝ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፤ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ሲሮጥ ያቃሰተን ልጅ በአርጩሜ ይሸነቁጡት ነበር። እኔ አርጩሜውን ትቼ ውሃውን ወረስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ልጆቹ በቧንቧው ተሰልፈው እያንዳንዳቸው አፋቸውን ሙሉ ውሃ ይይዛሉ። ከዚያ በኡራኤል በኩል ቁልቁል ወርደን፣ አደባባዩን ዞረን፣ ይህን ደረጃ ስምንት ጊዜ ወጥተን ወርደን፣ ዳገቱን ስንመለስ ክለቡ በር ላይ ጣሳ ይዤ እቆማለሁ። እያንዳንዱ በየተራ የያዘውን ውሃ ጣሳው ውስጥ ይተፋል። የዋጠ ወይም በመንገድ የተፋ እንደገና ይሮጣል። "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" እላቸዋለሁ። የሚያቃስት ሯጭ ለተፎካካሪው ነው የሚነግረው፤ ፊትህን ዝጋ፣ ትንፋሽህን ዝጋ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ድንጋይ መሆንህን ይመን። ሁለት ቃል ደግሞ በክለባችን ግቢ ክልክል ነበር፦ "ደከመኝ" እና "አመመኝ"። ከሁለቱ አንዱን የተናገረ እሱ አይቀጣም። ጓደኞቹ ናቸው በእሱ ፋንታ አንድ ዙር የሚጨምሩት። ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ማንም አጠገቡ አይቀመጥም።

ሁሉም ክፉ አልነበረም፤ እንዲህ ስል ራሴን ለማዳን አይደለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልጆቹን ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግቼ አስተኛቸዋለሁ። "ዓይናችሁን ጨፍኑ። ስታዲየም ናችሁ። ደወሉ ተደወለ፣ የመጨረሻዋ ዙር ናት። ከፊታችሁ ያለችዋን ልጅ ማልያ እዩ። ቁጥሯ ስንት ነው?" እላለሁ። "አርባ ሁለት!" ትላለች አንዷ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ዘጠኝ!" ይላል ሌላው። እንቅልፍ የወሰደውም ነበር፤ ሲያንኮራፋ ሳቃችን እስከ እማማ ዘነቡ ይሰማል። አሁን የስነ ልቦና ባለሙያ የሚባሉት ይህንኑ በትልቅ አዳራሽ ያስተምሩታል አሉ። እኔ ያለ ዲግሪ ነው የደረስኩበት። እሱ ደህና ነበር። የከፋው ሌላኛው ነው።

ፀዳለ ወደ ክለቡ ስትመጣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ዝም ያሉ ሰው፤ እናቷ አፋቸው የተባ ወይዘሮ። እዚያው ካዛንቺስ፣ ከካሴት ቤቱ ጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ነበር የሚኖሩት። ልጅቱ ቀጭን፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ነበረች። ስትሮጥ ግን ሌላ ሰው ናት። በአምስት ሺህ ሜትር የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ማርሽ ስትቀይር ሰዓት መያዣዬን መጫን እረሳ ነበር። ውሃውን ደግሞ እንደ እሷ የያዘ የለም፤ አንድም ቀን አልዋጠችም፣ ጣሳው ውስጥ ስትተፋው ቀና ብላ ታየኛለች። ወደድኳት። የራሴን ሴት ልጆች እንዲህ ያየኋቸው አይመስለኝም። ለሌሎቹ እያሳየሁ "ይህች ናት ልብ ያላት" እላለሁ፤ እሷም ለዚህች ቃል ስትል ነበር የምትነሳ የምትወድቀው። አሁን ሳስበው ያስፈራኛል፤ ያኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ውጭ አገር ለሚሄደው ቡድን ማጣሪያ ተዘጋጀ። ሦስት ልጆች ይሄዳሉ፤ ፀዳለ ከሦስቱ አንዷ እንደምትሆን የሰፈሩ ሊስትሮ ሳይቀር ያውቃል። እናቷ ሻንጣ ተውሰው አምጥተው ነበር። ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቱ ከልምምድ በኋላ እኔ ፊት ቆመች። ቅባቱ ይሸታል፤ ያው ቅባት።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ እግሬ... ማለቴ፣ ቅልጥሜ ላይ እዚህ ጋ..."

ዙሪያችን ሰባት ስምንት ልጆች ነበሩ። ሁሉም እኔን ያያሉ። አንድ ዙር ልጨምርባቸው ነው ብለው እሷንም በዓይናቸው ይበሏታል። እኔ ደግሞ ምን ታየኝ? ፈራች አልኩ። ማጣሪያው ቀረበ፣ የሰው ዓይን በዛባት፣ ልጅቱ ፈራች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ስንት አይቻለሁ! አንዱ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አንዷ ራሷን ያማታል፣ ውድድሩ ሲያልፍ ሁሉም ይድናል። እጄን ወደ ደረቷ ጠቁሜ "እግርሽ አይደለም፣ ወኔሽ ነው" አልኳት። "ወኔሽ ነው የሚያነክሰው። ሂጂ።"

"እሺ ጋሼ" አለች። ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እግሯ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እናቷ አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ድረስ መጥተው "ኧረ ጋሽ አሥራት፣ ልጄ ማታ ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፍ አያታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል" አሉኝ። እኔ ሳቅኩባቸው። "ወይዘሮ፣ እርስዎ ወጡን ይሥሩ፣ ሩጫውን ለእኔ ይተዉ" አልኳቸው። እንዲህ ነበርኩ! አፌ ሰው አይምርም ነበር።

የማጣሪያው ቀን ስታዲየሙ ግማሽ ሞልቶ ነበር። ካዛንቺስ በሙሉ የወጣ ይመስላል። እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አደግድገው ከነብርጭቆ ማጠቢያቸው ነው የመጡት። ፀዳለ እስከ ዘጠነኛው ዙር ከመሪዎቹ ጋር ነበረች፤ ፊቷ ዝግ ነው፣ እኔ እንዳስተማርኳት። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፤ ግራ እግሯ መሬት ሲነካ ትከሻዋ ይዘላል። አየሁት። ማንም ሳይነግረኝ አየሁት። አንድ አሰልጣኝ ያን ሲያይ እጁን አንስቶ ማስወጣት ነበረበት፤ እኔ ግን ከመሙ ዳር እየሮጥኩ "ወኔ! ወኔ ፀዳለ!" እል ነበር። ሦስት ዙር ሲቀር እኔ ፊት ስትደርስ ቆመች። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ዝም ብላ በአንድ እግሯ ከመሙ ወጣች። የክለቡ ኃላፊ ከኋላዬ "ምንድን ነው ነገሩ?" ሲል ሰማሁ። እኔም ዘወር ብዬ፣ ልጆቹም፣ ኃላፊውም፣ አባቷም በሚሰሙበት ድምፅ "ምንም አልሆነችም። ወኔ ከሌለ እግር ምን ያደርጋል!" አልኩ።

አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

ማግስቱን እናቷ አላስቆም ስላሉኝ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ራጅ ተነሳች። ያኔ ሐኪም ለበሽተኛ አይናገርም፤ ይዞ ለመጣው ትልቅ ሰው ነው የሚናገር። እሷ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ በእስክሪብቶ አሳየኝ። "ይቺን መሥመር ያዩዋታል? ስንጥቅ ናት። የትናንት አይደለችም፤ ሳምንታት አስቆጥራለች። በዚህ እግር ነው የሮጠችው? ሰው አይደለችማ!" አለ። "ትድናለች?" አልኩት። "ለምን አትድንም? ገና ልጅ ናት። ሦስት ወር መሮጥ የለም፤ ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ትሮጣለች።"

ከቢሮው በር እስከ አግዳሚው ያለው መንገድ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች አሥር እርምጃ ውስጥ ምን እንዳሰብኩ ሰዎች ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ለማንም አልነገርኩምና። ከሥራዬ እባረራለሁ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ልጆች ነበሩኝ፣ ሰው ያዝንልኝ ነበር። እሱ አይደለም። ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ። ያን ሁሉ ልጅ፣ ያን ሁሉ ጠዋት፣ ያን ሁሉ ጣሳ ይዤ መጥቼ፣ በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ውጬ "እግርሽ ነበር፣ ልክ ነበርሽ" ማለት ለእኔ ሞት ነበር። ፀዳለ ከአግዳሚው ተነስታ በአንድ እግሯ ቆመች፤ ዓይኗ እኔ አፍ ላይ ነው።

"ጅማት ነው አሉ" አልኳት። "አጥንትሽ ደህና ነው። ለጥቂት ጊዜ እረፊ።"

ፊቷ ላይ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አጥንቷ ደህና በመሆኑ የተደሰተች መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ተመልሳ ተቀመጠች። "ለጅማት ነው? ጋሼ፣ እኔ ለጅማት ብዬ ነው ያቋረጥኩት?" አለች። እኔም መለስኩ፤ ይኸው ልንገራችሁ፣ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ "ሰው ራሱን የሚያውቀው በዚህ ነው" አልኳት።

ወደ ክለቡ አልተመለሰችም። እያንዳንዱን ጠዋት ነገ ሄጄ እነግራታለሁ እል ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሦስቱ ወር ሊሞላ ሲል፣ በቃ ድናለች፣ አሁን ብነግራት ትመለሳለች ብዬ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ቆመው፣ ይግቡም ሳይሉኝ፣ "የለችም። ደሴ አክስቷ ጋ ሄዳለች። የሰው ፊት ማየት አልቻለችም" አሉኝ። እኔም እፎይ አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እፎይ ይላል? አልኩ። ስመለስ እማማ ዘነቡ ጋ ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ለሳምንትም ያህል ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቅባት የተቀባችው ልጅ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ እያየኋት ነበር። ስትወጣ ደህና ናት። ስትወርድ ግን ቀኝ እግሯን ፈጥና ታነሳዋለች፤ ፊቷ ዝግ ነው። "ማነው እንዲህ ያስተማራት?" ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ "ጋሽ አሥራት! እርስዎ ነዎት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት ሙሉ ሴት፣ ሹራብና የውሃ ኮዳ የያዘች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ የሸበተ። ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ አወቅኳት።

ፀዳለ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ኑሮዋን ነገረችኝ፤ ከደሴ ተመልሳ ተምራ፣ ባምቢስ አካባቢ አንድ ቢሮ ትሠራለች፣ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች፣ ባሏ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቶባታል። እናቷም አባቷም አልፈዋል። "ያቺ የኔ ናት፤ ኤልዳና" አለችኝ ወደ ልጅቱ እያሳየች። "ሯጭ ናት ጋሼ! ልክ እንደ... በቃ ከእኔ ትሻላለች። ሰኞ ማጣሪያ አለባት።" ልጅቱን ጠራቻት። ኤልዳና ማዳመጫዋን አውልቃ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። "ኮች፣ ማሚ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ነው የምታወራው። የውሃውን ነገር ትራይ አድርጌዋለሁ፣ ይከብዳል እኮ!" አለችኝ እየሳቀች።

"በክለባችሁም እንዲህ ነው የሚያሠሯችሁ?" አልኳት።

"ኧረ አይደለም! እኛ ጋ የስነ ልቦና ባለሙያ አለ፣ በጣም ቆንጆ ሰው ነው። አተነፋፈስ ምናምን ያሳየናል፣ ውድድሩን ዓይናችንን ጨፍነን እናየዋለን። ደግሞ በየሳምንቱ ሕመም ካለ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ጻፉ ይለናል። ማንም አይቆጣችሁም፣ እውነቱን ጻፉ ይላል።"

"አንቺ ስንት ጻፍሽ?"

እናቷን ቀና ብላ አየቻት። "አንድ" አለች።

ፀዳለ የልጇን ጉልበት መታ መታ አደረገች። "ትንሽ ቅልጥሟን ያማታል ጋሼ። ማጣሪያ ሲደርስ ነው የጀመራት፤ ያው ያውቁታል፣ ፍርሃት ነው። እኔ ነኝ አንድ ብለሽ ጻፊ ያልኳት። ሰውየው ደግ ነው፣ ካወቀ ያስቀራታል። እንደ እናትሽ ለጅማት ብለሽ ሕዝብ ፊት እንዳታቋርጪ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ትከፍይበታለሽ ብያታለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እስቲ እርስዎም ይንገሯት። ለእኔ ያሉኝን ይበሏት። ከእርስዎ ብትሰማው ይገባታል።"

ልጅቱ ፊቴን ታያለች። እናቷም ፊቴን ታያለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው እንደዚያ አምኖኝ አይቶኝ አያውቅም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። ሐኪሙ እንኳ በሕይወት ይኑር አይኑር እንጃ። "በርቺ" ብያት፣ ተሳስመን፣ ታክሲዬን ይዤ እሄድ ነበር። እውነት ለመናገር አፌ "በርቺ" ለማለት ተከፍቶም ነበር። ግን ሰኞ ሌላ ስታዲየም፣ ሌላ እግር ታየኝ።

"ፀዳለ" አልኳት፣ "ጅማት አልነበረም።"

"ምኑ?"

"እግርሽ ተሰንጥቆ ነበር። አጥንትሽ። ሐኪሙ ራጁን አሳይቶኛል፤ ሳምንታት ሆኖታል ነው ያለኝ። በተሰበረ እግር ነው ዘጠኝ ዙር የሮጥሽው። ሦስት ወር አርፋ ትሮጣለች አለኝ፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ይቺን ልጅ አሁኑኑ ራጅ አስነሻት። ሰኞ እንዳትሮጥ።"

አልጮኸችም፤ መቼም አትጮህም። የኮዳውን ክዳን ስታጠብቅና ስትፈታ ቆየች። ከታች ባቡሩ አለፈ፣ የስፖርት መምህሩ በማይክ "አንድ ሁለት! አንድ ሁለት!" ይላል።

"ሦስት ወር?" አለች።

"ሦስት ወር።"

"ከዚያ እሮጥ ነበር?"

"እንደ በፊቱ ትሮጣለች ነው ያለኝ።"

"እኔ እኮ" አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ለልጇ እንዳይሰማ ይመስላል፣ "እኔ እኮ ባሌ ሲሞት አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ጉድ ብሎኛል፣ እህቶቹ አኩርፈውኛል። ፈሪ ነኝ ብዬ ነው። ካለቀስኩ ያው ያቺ ያቋረጠችው ልጅ ነኝ ብዬ ነው። ይቺን ስወልድ አዋላጇ 'ጩኺ እንጂ፣ ምን ነክቶሽ ነው?' ስትለኝ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አባቴ ሲሞቱ 'አባዬ፣ ስላሳፈርኩዎት ይቅር ይበሉኝ' ብያቸዋለሁ ጋሼ። በሞት አልጋቸው ላይ። ይቅር ብለውኝ ነው የሞቱት።" ቀና ብላ አየችኝ። "የዚያን ቀን ቢነግሩኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?"

"ምንም" አልኩ፤ እውነቱ እሱ ነው። ምንም አይጎድልብኝም ነበር። "ይቅር በይኝ" ለማለት አፌን ስከፍት ከአባቷ አልጋ አጠገብ የተባለችው ይቅርታ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። ፀዳለ ከእንግዲህ እኔን አላየችም። ልጇ ፊት ተንበርክካ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችላትና በአውራ ጣቷ ቅልጥሟን ቀስ እያለች ጫነችው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። "ጩኺ" አለቻት እናቷ። "ማሚ፣ ምንም አል..." "ጩኺ አልኩሽ! ካመመሽ ጩኺ!" ኤልዳና ያን ጊዜ አለቀሰች፤ የሕፃን ልቅሶ ነው ያለቀሰችው፣ ሯጮቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እናቷ አቅፋት፣ እሷም አለቀሰች። ሁለቱ ተቃቅፈው ደረጃው ላይ ሲያለቅሱ እኔ በእጄ የምይዘው ነገር አጥቼ ሹራባቸውን ያዝኩ።

ፀዳለ በስልኳ መኪና ጠራች። እኔም ሹራቡን ይዤ ከኋላቸው ወደ አስፋልቱ ወረድኩ፤ ሐኪም ቤት አብሬያቸው ልሄድ፣ ወረፋ ልይዝ፣ ኮሪደር ላይ ልቀመጥ፣ ለአንዴ እንኳ የሐኪሙን ቃል የታመመችው ራሷ ስትሰማ ልገኝ ፈልጌ ነበር። እናት ልጇን ደግፋ የኋላውን በር ከፍታ አስገባቻት። ሹራቡን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ የፊቱን ወንበር በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ "አባት፣ እርስዎም አብረው ነዎት? ይግቡ፣ ቦታ አለ" አለኝ።

"አይደሉም" አለችው ፀዳለ በሩን እየሳበች። "አናውቃቸውም።"